አፄ ቴዎድሮስና ከእንግሊዝ ንግሥት የተላከላቸው ሽጉጥ

ዳግማዊ አፄ ቴዎድሮስ በመሳፍንት ተከፋፍላ የነበረችውን ኢትዮጵያ አንድ ለማድረግ ባካሄዱት ብርቱ ትግል በታሪክ ሲታወሱ የሚኖሩ መሪ ናቸው። የንጉሠ ነገሥቱ ስም በተነሳ ቁጥር ሁለት የጦር መሣሪያዎች አብረው ይነሳሉ። አንደኛው በጋፋት የተሠራውና ሴባስቶፖል የተሰኘው መድፍ ሲሆን፣ ሁለተኛው ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም በመቅደላ አምባ ላይ የገዛ ሕይወታቸውን ያሳለፉበት ሽጉጥ ነው። መድፉ በአገር ውስጥ፣ በንጉሠ ነገሥቱ ትዕዛዝና ክትትል የተሠራ ነበር። ሽጉጡ ግን ከታላቋ ብሪታንያ ንግሥት ከቪክቶሪያ በስጦታ የተላከ ነበር።

የእነዚህ ሁለት መሣሪያዎች ታሪክ የአፄ ቴዎድሮስን ዘመን ዋነኛ ጥያቄ አጉልቶ ያሳያል። ጥያቄው መሣሪያን በእጅ ከማስገባት ያለፈ ነበር። መሣሪያውን በአገር ውስጥ የመሥራት፣ ሲበላሽ የመጠገን፣ የሚጎርሰውን ባሩድና አረርም በራስ አቅም የማዘጋጀት ጉዳይ ነበር።

ከቋራ እስከ ደረስጌ

የኋላው አፄ ቴዎድሮስ የያኔው ካሳ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም ገደማ በቋራ ሻርጌ በተባለ ሥፍራ ተወለዱ። አባታቸው ደጃዝማች ኃይሉ ወልደ ጊዮርጊስ፣ እናታቸው ደግሞ ወይዘሮ አትጠገብ ወንድ ወሰን ይባላሉ። አባታቸው ገና በልጅነታቸው በመሞታቸው ከእናታቸው ጋር በችግር ማደጋቸው ይነገራል። በኋላ ዘመን ባላንጣዎቻቸው የኮሶ ሻጭ ልጅ እያሉ ሊያዋርዷቸው የሞከሩትም ይህንኑ የልጅነት ችግር መነሻ በማድረግ ነበር። ለትምህርት የገቡበት የጨንከር ተክለ ሃይማኖት ገዳም በጦረኞች ሲወረርና አብረዋቸው የነበሩት ሕፃናት የጥቃት ሰለባ ሲሆኑ፣ ካሳ አምልጠው ወደ ዘመዳቸው ወደ ደጃዝማች ክንፉ ዘንድ መሄዳቸውን የታሪክ ጸሐፍት ያስረዳሉ።

ከደጃዝማች ክንፉ ሞት በኋላ የቋራ ግዛት ለሌሎች በመሰጠቱ ካሳ ሸፈቱ። በቆላው አገር ተከታዮችን እያሰባሰቡ ኃይላቸው እየጠነከረ ሲሄድ፣ እቴጌ መነንና ልጃቸው ራስ ዓሊ በጋብቻ ሊይዟቸው አስበው የራስ ዓሊን ልጅ ተዋበችን ዳሩላቸው። ጋብቻው ግን የፖለቲካውን ቅራኔ ሊያስቀር አልቻለም።

በእነዚህ ዓመታት ካሳን ዕድሜ ልካቸውን ያስተማረ አንድ ውጊያ ተካሄደ። በ1840 ዓ.ም በሱዳን ጠረፍ ደባርቂ በተባለ ሥፍራ ከግብፅ ጦር ጋር ገጠሙ። የካሳ ሠራዊት በቁጥር የላቀና በጀግንነቱ የማይታማ ቢሆንም፣ ምሽግ ይዞና መድፍ ጠምዶ የጠበቀውን፣ በሥርዓት የሠለጠነውን የግብፅ ጦር ሊሰብር አልቻለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ካሳ በዘመናዊ መሣሪያና በወታደራዊ ሥርዓት ጉዳይ ላይ ያላቸው አስተሳሰብ በእጅጉ እንደተለወጠ የታሪክ ምሁራን ይስማማሉ።

ከደባርቂ በኋላ የነበሩት ዓመታት የድል ዓመታት ነበሩ። በጉር አምባ ደጃዝማች ጎሹን፣ ሰኔ 23 ቀን 1845 ዓ.ም ደግሞ በአይሻል ራስ ዓሊን ድል አደረጉ። በየካቲት 1847 ዓ.ም በደረስጌ የሰሜኑን ገዥ ደጃዝማች ውቤን ካሸነፉ በኋላ በዚያው በደረስጌ ማርያም ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። በ1848 ዓ.ም ወደ ሸዋ ዘምተው የሸዋውን አልጋ ወራሽ ሕፃኑን ምኒልክን ይዘው ተመለሱ።

ፕላውደንና ቤል

በዘመኑ በንጉሠ ነገሥቱ አካባቢ ሁለት እንግሊዛውያን ነበሩ። አንደኛው ጆን ቤል ሲሆን፣ ኢትዮጵያዊት አግብቶ፣ የአገሩን ልማድ ለምዶ፣ ሊቀ መኳስ ተብሎ እስከ ሞት ድረስ በታማኝነት ያገለገለ ሰው ነበር። ሁለተኛው ከ1840 ዓ.ም ጀምሮ የብሪታንያ ቆንስል ሆኖ የተሾመው ዋልተር ፕላውደን ነው። ፕላውደን አስቀድሞ በ1842 ዓ.ም ከራስ ዓሊ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል የተፈራረመ ሲሆን፣ አፄ ቴዎድሮስ ከነገሡ በኋላም ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር መልካም ወዳጅነት መሥርቶ ኖሯል።

ፕላውደን በ1852 ዓ.ም ወደ አገሩ ለመመለስ ጉዞ እንደጀመረ በጎንደር አጠገብ በሸፍቶች እጅ ወድቆ ክፉኛ ቆሰለ። ቤዛ ተከፍሎለት ቢለቀቅም ከቁስሉ ሊድን ሳይችል ቀረ። ንጉሠ ነገሥቱ በወዳጃቸው ሞት በእጅጉ አዘኑ። ገዳዮቹን ለመቅጣት በዘመቱበት ውጊያ ላይ ደግሞ ጆን ቤል ንጉሠ ነገሥቱን ሲከላከል ሞተ። አፄ ቴዎድሮስ በሸፍቶቹ ላይ የወሰዱት የበቀል እርምጃ ብዙ ደም ያፈሰሰ ነበር።

ይህ ዜና ለንደን ሲደርስ የብሪታንያ መንግሥት ለፕላውደን ለተደረገው መልካም ነገር ምስጋናውን በስጦታ ለመግለጽ ወሰነ። አዲሱ ቆንስል ቻርልስ ካሜሩን በ1855 ዓ.ም መጀመሪያ ላይ በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ሲቀርብ ይዞት የመጣው ስጦታ አንድ ጠመንጃና ጥንድ ሽጉጥ ነበር። በስጦታው ላይ በተለጠፈው የብር ሰሌዳ የታላቋ ብሪታንያና የአየርላንድ ንግሥት ቪክቶሪያ ለአገልጋያቸው ለፕላውደን ስለተደረገው ቸርነት ለቴዎድሮስ ያበረከቱት የምስጋና መግለጫ መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ እ.ኤ.አ. 1861 ከሚል ዓመተ ምሕረት ጋር ተቀርጾበት ነበር።

ሽጉጡ እንዴት ይጎርስ ነበር

ከእንግሊዝ ጦር ጋር የመጣው ጋዜጠኛ ሄንሪ ስታንሊ ሽጉጡን ተሽከርካሪ ሽጉጥ አድርጎ ሲገልጸው፣ አንዳንድ የኋላ ጸሐፍት ደግሞ ባለ ሁለት አፈሙዝ ይሉታል። ያም ሆነ ይህ በዚያ ዘመን የእንግሊዝ መኳንንት የሚይዟቸው ሽጉጦች በአጎራረሳቸው በመሠረቱ ተመሳሳይ ነበሩ። በአሁኑ ዘመን እንደሚታወቀው ቀለህ፣ ባሩድ፣ አረርና ካፕሱል በአንድነት ተሰናድተው ጥይት የሚባሉበት አሠራር ገና በሰፊው አልተለመደም ነበር። የሽጉጡ ባለቤት እያንዳንዱን ነገር ለየብቻ ይዞ በገዛ እጁ ማጉረስ ነበረበት።

ተሽከርካሪው ሽጉጥ አምስት ወይም ስድስት ጎራሽ ነው። ባለቤቱ በእያንዳንዱ ጉድጓድ ውስጥ በመጀመሪያ የተመጠነ ባሩድ ይጨምራል። ቀጥሎም የእርሳስ አረሩን ከላይ አኑሮ በሽጉጡ ላይ በተገጠመው ዘንግ ወደ ውስጥ ጠቅጥቆ ያስገባዋል። በመጨረሻም በጉድጓዱ ጀርባ ባለችው ቀጭን ቱቦ አናት ላይ ካፕሱል ያለብሳል። ካፕሱሏ ሲመቷት የሚፈነዳ ቅመም የያዘች ትንሽ የመዳብ ቆብ ናት። ቃታው ሲሳብ መቺው ብረት ካፕሱሏን ይመታል፤ እሳቱም በቱቦዋ አልፎ ባሩዱን ያቀጣጥላል።

ይህ ሥራ ጥንቃቄን ይሻል። ባሩዱ ከበዛ ሽጉጡን ሊያፈነዳ ይችላል፤ ካነሰ አረሩ ኃይል ያጣል። አረሩ ከጉድጓዱ ጋር በልክ ካልገጠመ ከአንዱ ጉድጓድ የወጣው እሳት ወደ ጎረቤቱ ዘልሎ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ሊያተኩሰው ይችላል። ይህን ለመከላከል የአረሩ አናት በሞራ ይቀባ ነበር። የጥቁር ባሩድ ጥቀርሻ ብረቱን ስለሚበላው ከተኩስ በኋላ መሣሪያውን በሙቅ ውሃ ማጠብና በቅባት ማሸት የግድ ነው። አምስቱን ወይም ስድስቱን ተኩሶ ለመጨረስ ጥቂት ሰከንዶች ይበቁ ነበር። መልሶ ለማጉረስ ግን ደቂቃዎች ያስፈልጉ ስለነበር፣ በጦር ሜዳ ላይ አንድ ጊዜ የጎረሰ ሽጉጥ ሁለተኛ ዕድል የሚያገኘው አልፎ አልፎ ነበር።

ባሩድ ከአገር፣ ካፕሱል ከባሕር ማዶ

ለእንዲህ ዓይነቱ መሣሪያ ከሚያስፈልጉት ሦስት ነገሮች መካከል ባሩድ በኢትዮጵያ ይሠራ ነበር። ድኝ ከአፋር በረሃ፣ ከሰል ከእንጨት፣ ጨው ፒተርም ከአፈር እየተገኘ በየአገሩ ባሩድ የሚቀምሙ ባለሙያዎች ነበሩ። አገር ውስጥ የሚሠራው ባሩድ ሸካራ ስለነበር ኃይሉ ከውጭ ከሚመጣው ያነሰ ነበር፤ ሆኖም ያገለግላል። አረርንም ቢሆን እርሳስ እስከተገኘ ድረስ በእሳት አቅልጦ በቅርጽ ማውጫ ማዘጋጀት አያዳግትም።

ችግሩ ያለው ካፕሱሉ ላይ ነበር። የካፕሱሉ ቅመም የሚገኘው ባዜቃ በጠንካራ አሲድ ሟሙቶ ከአልኮል ጋር ሲዋሐድ በመሆኑ የኬሚስትሪ ዕውቀትና የተለየ ዕቃ ይጠይቃል። ቀጭን የመዳብ ቆብ በብዛት እያተሙ ማውጣትም የፋብሪካ መኪና የሚሻ ሥራ ነው። ስለዚህ ካፕሱል ከባሕር ማዶ መምጣት ነበረበት። የባሕሩ በር ምፅዋ ደግሞ በመጀመሪያ በኦቶማን ቱርክ፣ ከ1857 ዓ.ም ወዲህ በግብፅ እጅ ነበር። የንጉሠ ነገሥቱ ዋነኛ ተቀናቃኞች በሩን ይዘዋል ማለት ነው።

ከዚህም የተነሳ አብዛኛው የአፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ይዞት የነበረው ጠመንጃ በክር እሳት የሚለኮስ አሮጌ ነፍጥ ነበር። ካፕሱል የማያስፈልገው በመሆኑ በአገር ባሩድ ይሠራል። በካፕሱል የሚተኮሰው መሣሪያ የተሻለና ፈጣን ቢሆንም፣ የካፕሱሉ መንገድ በተዘጋ ቀን ተራ ብረት ሆኖ ይቀራል። ስጦታ ሆኖ የመጣ ሽጉጥ ባለቤቱ እጅ ቢገባም፣ የሚጎርሰው ነገር ምንጭ ሌላ ዘንድ እንዳለ ንጉሠ ነገሥቱ ጠንቅቀው የተረዱ ይመስላል። በዘመናቸው ከሁሉ አብልጠው ሲሹ የኖሩትም መሣሪያ የሚሠራ የባለሙያ እጅ ነበር።

የጋፋት ሥራ

በደብረ ታቦር አጠገብ የምትገኘው ጋፋት የዚህ ፍላጎት ማዕከል ሆነች። በኢየሩሳሌሙ ጳጳስ ጎባት አማካይነት የመጡት እነ ቫልድማየር፣ ሳልሙለርና ቤንደር እጅ ሥራ የሚያውቁ ሚስዮናውያን ነበሩ። ከእነሱ ጋር ፖላንዳዊው ሞሪትዝ ሆልና ፈረንሳዊው የጠመንጃ ሠራተኛ ቡርጎ ተጨምረው በጋፋት ተቀመጡ። ንጉሠ ነገሥቱ ቤትና ደመወዝ ሰጥተዋቸው፣ ኢትዮጵያውያን ወጣቶችንም አብረዋቸው እንዲሠሩና እንዲማሩ መደቡላቸው።

ሚስዮናውያኑ የመጡት ወንጌል ለመስበክ በመሆኑ፣ መድፍ ሥሩ ሲባሉ ሙያው እንደሌላቸው ገልጸው እንደነበር ይታወቃል። ሆኖም በንጉሠ ነገሥቱ ግፊት ምድጃ ሠርተው፣ ናስ አቅልጠው፣ ከብዙ ሙከራና ክሽፈት በኋላ መድፎችን ለማውጣት ቻሉ። ንጉሠ ነገሥቱ ሥራውን ለመከታተል ወደ ጋፋት መመላለሳቸውና የተሳካ ሥራ በታየ ጊዜ ሠራተኞቹን በልግስና መሸለማቸው በሚስዮናውያኑ ማስታወሻዎች ተመዝግቧል።

የጋፋት ሥራ ከፍተኛ ደረጃ ላይ የደረሰው በ1859 ዓ.ም ሴባስቶፖል በተሠራ ጊዜ ነው። መድፉ 70 ኩንታል ያህል ይመዝናል። ስያሜውን ያገኘው በክራይሚያ ጦርነት ጊዜ ለረጅም ጊዜ ተከቦ ከነበረው የሩሲያ የጦር ወደብ ነው። በአንድ ዘመን ውስጥ ከክር ነፍጥ ተነስቶ ይህን ያህል መድፍ ለማቅለጥ መብቃት ቀላል ሥራ አልነበረም።

የንጉሠ ነገሥቱ ዕቅድ በመሣሪያ ብቻ የተወሰነ አልነበረም። ደመወዝ የሚከፈለው፣ በአለቃ የተከፋፈለ ቋሚ ሠራዊት ለማቋቋም ሞክረዋል። የባሪያ ንግድን ለማስቆም አውጀዋል። መንገድ አሠርተዋል። ዜና መዋዕላቸው በአማርኛ መጻፉ ለአማርኛ የጽሑፍ ቋንቋነት ትልቅ እርምጃ ነበር። በሌላ በኩል የቤተ ክርስቲያንን መሬት ለመቀነስ ያደረጉት ሙከራ ከካህናቱና ከአቡነ ሰላማ ጋር አጋጫቸው። በየአውራጃው አመፅ ሲቀጣጠል የቅጣታቸው ጭካኔ ጨመረ። በ1859 ዓ.ም ጎንደርን አቃጠሉ። ሕዝቡ እየራቃቸው፣ ግዛታቸው ከዕለት ወደ ዕለት እየጠበበ ሄደ።

መልስ ያላገኘው ደብዳቤ

ሽጉጡን ይዞ የመጣው ካሜሩን በጥቅምት 1855 ዓ.ም ለንግሥት ቪክቶሪያ የተጻፈ ደብዳቤ ተረከበ። በደብዳቤው ንጉሠ ነገሥቱ ወዳጅነታቸውን ገልጸው፣ መልእክተኞቻቸው ወደ እንግሊዝ ለመሄድ የሚችሉበት መንገድ እንዲመቻችላቸው ጠይቀው ነበር። ደብዳቤው በ1855 ዓ.ም አጋማሽ ለንደን ቢደርስም መልስ ሳይጻፍለት በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት መዝገብ ውስጥ ተቀመጠ። ብሪታንያ በወቅቱ ከቱርክና ከግብፅ ጋር ያላትን ጥቅም ትመለከት ስለነበር የኢትዮጵያ ጉዳይ እምብዛም አላሳሰባትም።

አንድ የመንግሥት ደብዳቤ በመዝገብ ቤት ተረስቶ መቅረቱ ያስከተለው ጉዳት ከባድ ሆነ። ካሜሩን ደብዳቤውን ራሱ ከማድረስ ይልቅ በሱዳን ጠረፍ ወደሚገኘው ወደ ግብፆች ግዛት መሄዱ በንጉሠ ነገሥቱ ዘንድ ጥርጣሬ አሳደረ። ያለ መልስ ሲመለስም እንደ ንቀት ተቆጠረ። በ1856 ዓ.ም ካሜሩንና ሌሎች አውሮፓውያን ታሰሩ። መልሱን ይዞ የተላከው ሆርሙዝድ ራሳም ከንጉሠ ነገሥቱ ፊት የደረሰው በ1858 ዓ.ም ነበር። በመጀመሪያ በክብር ቢቀበሉትም ቆይቶ እሱም ከታሳሪዎቹ ጋር ተቀላቀለ።

በዚያው በ1858 ዓ.ም ንጉሠ ነገሥቱ ሚስዮናዊውን ፍላድን ወደ እንግሊዝ ልከው የጠመንጃ ሠራተኞችና የብረት ማቅለጥ ባለሙያዎች ከነመሣሪያዎቻቸው እንዲላኩላቸው ጠየቁ። የብሪታንያ መንግሥት ባለሙያዎቹን ቀጥሮ እስከ ምፅዋ ድረስ ላከ። ይሁን እንጂ ብሪታንያ እስረኞቹ አስቀድመው ይፈቱ ስትል፣ ንጉሠ ነገሥቱ ደግሞ ባለሙያዎቹ አስቀድመው ይምጡ በማለታቸው ነገሩ ሳይሳካ ቀረ። ባለሙያዎቹ በምፅዋ ሲጠባበቁ ቆይተው ወደ አገራቸው ተመለሱ። ሽጉጥ በቀላሉ መጥቶ ነበር፤ ሽጉጥ የሚሠራው እጅ ግን ደጋውን ሳይረግጥ ቀረ።

ከአሮጌ እስከ መቅደላ

በ1860 ዓ.ም በጄኔራል ሮበርት ናፒር የሚመራ 13 ሺህ ያህል ወታደር ያለው ጦር በዙላ ወደብ በኩል ገብቶ ወደ መቅደላ ጉዞ ጀመረ። ጦሩ ከሕንድ ያመጣቸው 44 ዝሆኖች መድፍ ይጭኑለት ነበር። አፄ ቴዎድሮስ በበኩላቸው በጥቅምት 1860 ዓ.ም ደብረ ታቦርን ለቀው ሴባስቶፖልንና ሌሎች መድፎችን በሰው ጉልበት እያስጎተቱ፣ ገደሉን እያስናዱና መንገድ እያስወጡ በመጋቢት ወር መቅደላ ደረሱ። የመንገዱ ሥራ ራሱ ጠላቶቻቸውን ሳይቀር ያስደነቀ የምህንድስና ሥራ ነበር።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም፣ በስቅለት ዕለት፣ በአሮጌ ሜዳ ሁለቱ ኃይሎች ተገናኙ። የእንግሊዝ ጦር የያዘው አዲስ የሆነውን ስናድር ጠመንጃ ነበር። የስናድር ጥይት ባሩዱን፣ አረሩንና ካፕሱሉን በአንድነት አሰናድቶ የያዘ ሲሆን፣ የሚጎርሰውም ከአፈሙዙ ሳይሆን ከኋላው ነው። የክር ነፍጥ የያዘው የኢትዮጵያ ወታደር አንድ ጊዜ ተኩሶ ባሩዱን ሲመጥን፣ አረሩን ሲጠቀጥቅና ክሩን ሲለኩስ ስናድር የያዘው ደጋግሞ ይተኩስ ነበር። ከላይ ከአምባው ይተኩሱ ከነበሩት ትላልቅ መድፎች አንዱም ገና ከጅምሩ በአጎራረስ ጉድለት ፈነዳ።

በዚያች ዕለት ፊታውራሪ ገብርዬ ከብዙ ጓዶቻቸው ጋር ወደቁ። እንግሊዞች እንደገመቱት ከኢትዮጵያውያን ወገን 700 ያህል ሰው ሲሞት 1 ሺህ 200 ያህል ቆስሏል። ከእንግሊዝ ወገን የሞቱት ሁለት፣ የቆሰሉት ሃያ ያህል ነበሩ። በጀግንነት በኩል ልዩነት አልነበረም፤ ልዩነቱ የነበረው በአጎራረስ ፍጥነት ላይ ነው። ስናድር የሚለው ስም ከዚያን ጊዜ ወዲህ በአማርኛ የጠመንጃ ስም ሆኖ ቀርቷል።

በአሮጌ ውጊያ ዋዜማ በንጉሠ ነገሥቱ ትዕዛዝ በርካታ ኢትዮጵያውያን እስረኞች በገደል ተጥለው መገደላቸው የዘመናቸው አሳዛኝ ገጽ ነው። ከውጊያው በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ አውሮፓውያኑን እስረኞች ለቀቁ። እጅዎን ይስጡ የሚለውን ጥያቄ ግን አልተቀበሉም። በፋሲካ ማግስት፣ ሚያዝያ 6 ቀን፣ እንግሊዞች የአምባውን የኮኬት በር ሰብረው ሲገቡ አፄ ቴዎድሮስ በንግሥቲቱ የተላከላቸውን ሽጉጥ ጠጥተው አለፉ። ወታደሮቹ ሲደርሱ ሽጉጡ ከእጃቸው አጠገብ እንደነበርና በብር ሰሌዳው ላይ ያለውን ጽሑፍ ሲያነቡ ማንነታቸውን እንዳረጋገጡ በዘመኑ ጸሐፍት ተዘግቧል።

ለምስጋና የተላከ መሣሪያ ከስድስት ዓመት በታች በሆነ ጊዜ ውስጥ የላኪው ጦር በር ሰብሮ በገባበት ሰዓት የመጨረሻ ጥይቱን ተኮሰ። ያን ጥይት ያጎረሱትም ራሳቸው ባለቤቱ ወይም አሽከሮቻቸው እንጂ ሰጪዎቹ አልነበሩም። ንጉሠ ነገሥቱ በሕይወት ሳሉ ሽጉጡን ከሰጠቻቸው አገር የሚሹትን ሙያ ሊያገኙ አልቻሉም። በሞታቸው ግን ያቺ አገር ንጉሥ ለመማረክ የነበራትን ዕድል ነፈጓት።

ከመቅደላ በኋላ

የእንግሊዝ ጦር በመቅደላ የነበረውን ቅርስ ከዘረፈ በኋላ አምባውን አቃጠለ። ዝርፊያውን ለማጓጓዝ 15 ዝሆኖችና 200 ያህል በቅሎዎች እንዳስፈለጉ ይነገራል። ከብራና መጻሕፍቱ 350 ያህሉ ለብሪታንያ ሙዚየም ተሰጡ። የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ ተወስዶ በ1872 ዓ.ም በ18 ዓመቱ በዚያው ሞተ፤ አጽሙም በዊንድዘር አረፈ። ከተወሰዱት ቅርሶች መካከል የንጉሠ ነገሥቱ ዘውዳዊ ቆብና ማኅተም በ1957 ዓ.ም፣ የራስ ፀጉራቸው ደግሞ በ2011 ዓ.ም ለኢትዮጵያ ተመልሰዋል።

ናፒር ሲመለስ መንገድ ለሰጡት ለትግራዩ ደጃዝማች ካሳ ምርጫ መድፎችንና በርካታ መቶ ጠመንጃዎችን ከነጥይታቸው ትቶላቸው ሄደ። ደጃዝማች ካሳ በዚህ መሣሪያ እየታገዙ በ1863 ዓ.ም መጨረሻ በአሳም ውጊያ አፄ ተክለ ጊዮርጊስን ድል አድርገው፣ በ1864 ዓ.ም አፄ ዮሐንስ አራተኛ ተብለው ነገሡ።

በልጅነታቸው ተማርከው በአፄ ቴዎድሮስ ቤት ያደጉት ምኒልክም በሰኔ 1857 ዓ.ም ከመቅደላ አምልጠው ሸዋ ገብተው ነበር። ምኒልክ የመሣሪያን ጥቅም በልጅነታቸው በዐይናቸው ያዩ ናቸው። በኋላ በአዲስ አበባ ቤተ መንግሥታቸውን የመሠረቱት ዛሬ ካዛንቺስ ከሚባለው ሰፈር በላይ ባለው ኮረብታ ላይ ሲሆን፣ ከዚያ ሆነው የሚከታተሉት አንዱ ዋነኛ ጉዳይ የጠመንጃና የጥይት አቅርቦት ነበር። በ1879 ዓ.ም ጠመንጃ ይዞ ሸዋ የደረሰው ፈረንሳዊው ገጣሚና ነጋዴ አርተር ራምቦ፣ በ1880 ዓ.ም የጠመንጃና የጥይት መሥሪያ ዕቃ ወደ ሸዋ ለማስገባት የፈረንሳይን መንግሥት ፈቃድ ጠይቆ ሳይሳካለት ቀርቷል። ምኒልክ በ1885 ዓ.ም ከጣሊያን የተላከላቸውን 2 ሚሊዮን ጥይት ተረክበው፣ በዚያው ዓመት የውጫሌን ውል ማፍረሳቸውን ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቁ። ጥይት መቀበል ማለት የሰጪው ተገዥ መሆን እንዳልሆነ በዚህ አሳዩ። በ1888 ዓ.ም በዓድዋ የተሰለፈው የኢትዮጵያ ሠራዊት በአሮጌ ከወደቀው ሠራዊት የሚለየው በአብዛኛው ከኋላው የሚጎርስ ጠመንጃ ከነጥይቱ ይዞ በመቆሙ ነበር።

ችግሩ ግን በዓድዋ ድል ብቻ አልተቋጨም። ካዛንቺስ የሚለው ስያሜ ራሱ በፋሺስት ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ቤት ይሠራ ከነበረው የጣሊያን ተቋም አህጽሮተ ስም የተወረሰ ነው። በእነዚያ የወረራ ዓመታት በየጫካው የነበሩት አርበኞች ከሁሉ የሚያስጨንቃቸው የጥይት እጥረት ነበር። ከጠላት ከሚማረከው ጥይት ባሻገር የተተኮሰ ቀለህ እየለቀሙ፣ ባሩድ እየሞሉና አረር እየገጠሙ መልሰው መጠቀም የዘመኑ የአርበኛ ሙያ ሆኖ ነበር። በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን ካፕሱል ያጣ ሽጉጥ የገጠመው ጉዳይ በአርበኞች ዘመን በሌላ መልክ ተመልሶ መጣ።

ዛሬ የሴባስቶፖል መድፍ በመቅደላ አምባ ላይ ይገኛል። አምሳያው ደግሞ በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል። ለመታሰቢያነት የተመረጠው ከባሕር ማዶ የመጣው በብር ያጌጠ ሽጉጥ ሳይሆን በጋፋት ምድጃ የቀለጠው ከባድ ናስ መሆኑ ከንጉሠ ነገሥቱ የሕይወት ዘመን ፍላጎት ጋር የሚስማማ ነው። መድፉ በጦር ሜዳ ድል አላስገኘም። የሠሩት እጆች ግን ሥራ ተምረውበታል። አፄ ቴዎድሮስ ከመሣሪያው ይልቅ መሣሪያውን የሚሠራውን ዕውቀት ለአገራቸው ለማትረፍ የጀመሩት ጥረት፣ ከስህተታቸውና ከጭካኔያቸው ጋር ተመዝኖም ቢሆን፣ በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ ከፍ ያለ ቦታ ይዞ ይኖራል።